የጥንቱን ብሉዝ ማን አተረፈው? ስለ ትናንሽ ሸክላ አሳታሚዎች ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የጥንቱ ብሉዝ እስከ ዛሬ የደረሰው በትናንሽና በነጻ ሸክላ አሳታሚዎች ብርታት ነው ሲባል ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ገንዘብና ስቱዲዮ የነበራቸው ትልልቅ ኩባንያዎች እያሉ ትንንሾቹ ምን የተለየ ነገር ሠሩ? ደግሞስ ድሆቹ ጥቁር ዘፋኞች ከዚህ ሁሉ ምን አገኙ? ልስማ ብልስ ከየት ልጀምር?»

ምላሽ፦

የሰሙት እውነት ነው፤ ግን ሁለት ትውልድ አንድ ላይ ተደባልቆበታል። በ1920ዎቹ የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ የሆነውን ብሉዝን በሸክላ የቀረጹት ድርጅቶች የቀረጹት ለመሸጥ ነበር። ገበያው ሲሞት ማስተሩን፣ ማለትም ሸክላው የሚታተምበትን የብረት ቅርጽ ሳይቀር አጠፉት። ሙዚቃውን ያተረፉት ከሠላሳ ዓመት በኋላ የተነሱ ሌሎች ሰዎች ናቸው። በሁለቱ መካከል ደግሞ ስማቸው በየትኛውም ሸክላ ሽፋን ላይ ያልተጻፈ ሦስተኛ ወገኖች አሉ፤ ሸክላውን ገዝተው ቤታቸው ያስቀመጡት ጥቁር ቤተሰቦች። ከአሮጌ ሸክላ ድምፅ ማውጣትና ወደ ዲጂታል መገልበጥ እንጀራዬ ስለሆነ ለእነዚህ ሦስተኛዎቹ አደላለሁ፤ ምክንያቱን ቦታው ላይ ስደርስ እነግርዎታለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኒው ዮርክ ውስጥ ኦኬ የሚባል፣ ከቪክተርና ከኮሎምቢያ አንጻር ትንሽ የሆነ አሳታሚ ነበር። ፔሪ ብራድፎርድ የተባለ ጥቁር የዜማ ደራሲ «የእኛ ሰው የራሱን ዘፋኝ ሸክላ ይገዛል» እያለ የአሳታሚዎችን ደጅ ይጠና ነበር። ትልልቆቹ እሺ አላሉትም። ኦኬ ግን በኦገስት 1920 ማሚ ስሚዝን ስቱዲዮ አስገብቶ «ክሬዚ ብሉዝ»ን ቀረጸ። ሸክላው እንደ ጉድ ተሸጠ። ከዚያ በኋላ ነው ሁሉም አሳታሚ ለጥቁር ገዢዎች ብቻ «ሬስ ሪከርድስ» የሚል የተለየ ዝርዝር ማውጣት የጀመረው። ልብ ይበሉ፤ በሩን የከፈተው የብራድፎርድ ውትወታና የገዢው ሕዝብ ሳንቲም ነው።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1921፣ ሃሪ ፔስ ብላክ ስዋን የተባለውን በጥቁሮች ባለቤትነት የተያዘ ድርጅት አቋቋመ። በባለቤትነቱ ብቻ እንኳ ትልቅ ነገር ነበር። ኢተል ዋተርስን ያህል ዘፋኝም አወጣ። ነገር ግን ፔስ ሕዝቡን «በጨዋ» ሙዚቃ ሊያስከብር ይሻ ስለነበር፣ ቤሲ ስሚዝ ለፈተና ስትቀርብ ድምፅዋ ሻካራ ነው ተብላ ተመለሰች። በኋላ ኮሎምቢያ ወሰዳት፤ የዘመኗ ንግሥት ሆነች። ብላክ ስዋን በ1923 መጨረሻ ከሰረ፤ የሸክላ ዝርዝሩ በ1924 ለፓራማውንት ተላለፈ።

ፓራማውንት ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የጥንቱ ብሉዝ ክብሩም ጉዳቱም እዚያ ነው ያለው። ከፊልም ኩባንያው ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ባለቤቱ ዊስኮንሲን ቼር ካምፓኒ የሚባል፣ ፖርት ዋሽንግተን ከተማ ያለ የወንበር ፋብሪካ ነበር። ፋብሪካው የሸክላ ማጫወቻ ሣጥን ይሠራል፤ ሣጥኑን የገዛ ሰው ሸክላ ይፈልጋል፤ እንግዲያውስ ሸክላውንም እኛው እናትም አሉ። ሐሳባቸው ይኸው ነበር። ግራፍተን ከምትባል መንደር፣ ሚልዋኪ ወንዝ ዳር ማተሚያ ተከሉ። ስለ ብሉዝ የሚያውቁት ነገር ስላልነበር ቺካጎ ላይ ሜዮ ዊሊያምስ የሚባል የተማረ ጥቁር ሰው አሠሩ፤ ጆሮው የሰላ ነበር። ማ ሬይኒን በ1923 ያስቀረጸው እሱ ነው። በ1926 ደግሞ የቴክሳሱ ዓይነ ስውር ብላይንድ ሌመን ጄፈርሰን በጊታሩ ብቻ ታጅቦ ያወጣቸው ሸክላዎች ሲቸበቸቡ፣ ባንድና ፒያኖ የሌለው፣ የገጠር ጥጥ ለቃሚ ሰው ብሉዝ ገበያ እንዳለው ታወቀ። ፓራማውንት ለጄፈርሰን የልደት ሸክላ ብሎ ሎሚ ቀለም ባለው ምልክት ላይ ፎቶግራፉን አትሞ እስከ ማውጣት ደረሰ።

ሸክላው ወደ ሕዝብ የደረሰበት መንገድም የትንሽ ድርጅት መንገድ ነው። በደቡብ ከተሞች ለጥቁር ደንበኛ የሚሸጥ መደብር ጥቂት ስለነበር ፓራማውንት «ቺካጎ ዲፌንደር» በተባለው የጥቁሮች ጋዜጣ ላይ ሥዕል ያለበት ማስታወቂያ ያወጣል፤ ሰዉ በፖስታ ያዝዛል። በባቡር የሚሠሩ ጥቁር አስተናጋጆችም ከቺካጎ ሸክላ ጭነው እየወረዱ በየጣቢያው ይሸጡ ነበር። አንዱ ሸክላ ዋጋው 75 ሳንቲም አካባቢ ነው። ጥጥ ለሚለቅም ሰው 75 ሳንቲም ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ዘፋኞቹን ከየመንደሩ የሚያመጣው ማነው ካሉ፣ ጃክሰን ሚሲሲፒ ውስጥ በጥቁሮች ሰፈር የሙዚቃ መደብር የነበረው ኤች ሲ ስፒር የተባለ ነጭ ነጋዴ ነው። መደብሩ ውስጥ የሙከራ መቅረጫ ነበረው፤ አዳምጦ የወደደውን ለአሳታሚዎች ይጠቁማል። ቻርሊ ፓተን በእሱ ጥቆማ ነው በጁን 1929 ሪችመንድ ኢንዲያና ሄዶ፣ ጄኔት በተባለው ሌላ ትንሽ አሳታሚ ስቱዲዮ ለፓራማውንት የተቀረጸው። ያ ስቱዲዮ የፒያኖ ፋብሪካ ግቢ ውስጥ፣ ከባቡር ሐዲድ አጠገብ ነበር፤ ባቡር ሲመጣ ቀረጻው ቆሞ እስኪያልፍ ይጠበቃል። በ1930 ሰን ሃውስና ዊሊ ብራውን፣ በ1931 መጀመሪያ ደግሞ ስኪፕ ጄምስ ግራፍተን ድረስ ተጉዘው ተቀረጹ። የሚሲሲፒ ዴልታ ብሉዝ ሲባል ዛሬ የምናስበው ድምፅ በብዛት የመጣው ከእነዚህ ጥቂት የቀረጻ ቀናት ነው።

ጉዳቱ ከዚህ ይጀምራል። የአሜሪካ የሸክላ ሽያጭ በ1927 ከ100 ሚሊዮን በላይ የነበረው በኢኮኖሚ ድቀቱ ምክንያት በ1932 ወደ 6 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። ፓራማውንት በ1932 ቀረጻ አቆመ፤ ጥቂት ቆይቶ ጨርሶ ተዘጋ። በዚያ ዘመን ድምፅ በሰም ላይ ይቀረጽና ከሰሙ ላይ የብረት ማስተር ይወሰዳል፤ ሸክላው የሚታተመው ከዚያ ነው። ማስተሩ ካለ ንጹሕ ድምፅ በማንኛውም ጊዜ እንደገና ማውጣት ይቻላል። የፓራማውንት ማስተሮች ግን ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጡ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ደግሞ የሸክላው ጥሬ ዕቃ ሼላክ ከእስያ መምጣቱ ተስተጓጎለና በ1942 አሮጌ ሸክላ እየተሰበሰበ ለአዲስ ኅትመት ይፈጭ ጀመር። ስንት የማይተካ ነገር በዚያ ወፍጮ እንዳለፈ ሳስብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የዊሊ ብራውን አንድ የፓራማውንት ሸክላ ታትሞ መውጣቱ ይታወቃል፤ አንድም ቅጂ ግን አልተገኘም።

ስለዚህ የቀረው በሰው ቤት ያለው ብቻ ነበር። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ እንደ ጌይል ዲን ዋርድሎው ያሉ ሰብሳቢዎች ሚሲሲፒ ውስጥ በጥቁሮች ሰፈር በር እያንኳኩ አሮጌ ሸክላ ይገዙ ነበር። ከየቤቱ የወጡት ሸክላዎች ናቸው ዛሬ በዓለም ያለው የፓራማውንት ብሉዝ መሠረት። በኋላ በተጻፈው ታሪክ ሰብሳቢዎቹ ጀግና ሆነው ይቀርባሉ፤ ድካማቸውን አልክድም። ነገር ግን ሸክላውን በሦስት ሳንቲም ሳይሆን በ75 ሳንቲም ገዝቶ፣ ከቤት ወደ ቤት ሲዛወር ሳይጥለው፣ ማጫወቻው ከተበላሸ በኋላ እንኳ ሠላሳ ዓመት ያቆየው ያ ቤተሰብ ነው።

ይህን የምለው ሸክላው ራሱ ስለሚመሰክር ነው። የፓራማውንት ሸክላ ከመነሻው በርካሽ ዕቃ የታተመ ስለሆነ አዲስ ሳለም ይንሿሿ ነበር። በዚያ ላይ በከባድ የብረት መርፌ ሌሊት ከቀን ተጫውቷል። የሸክላው ቦይ በጎንና ጎን ግድግዳ አለው፤ የብረቱ መርፌ ግድግዳውን በአንድ ከፍታ ላይ ብቻ ነው የሚበላው። ስለዚህ ለመገልበጥ ስንቀመጥ ውፍረታቸው የተለያየ መርፌዎች በየተራ እንሞክራለን፤ ወፈር ያለው ከተበላው ቦታ ከፍ ብሎ፣ ቀጠን ያለው ደግሞ ዝቅ ብሎ ያልተነካውን ግድግዳ ያነባል። አንዳንዴ በአንዱ መርፌ ጩኸት ብቻ የነበረው በሌላው ሲነካ የዘፋኙ ትንፋሽ ሳይቀር ይወጣል። ቀጥሎ የፍጥነቱ ጣጣ አለ። በደቂቃ 78 ዙር ይባላል እንጂ ማሽኖቹ ወጥ ስላልነበሩ ትክክለኛውን ፍጥነት ከጊታሩ ቅኝት ነው የምንገምተው። ከዚያ በኋላ በኮምፒዩተር ሹክሹክታውን የማጽዳት ፈተና ይመጣል። እዚህ ላይ አቋሜ ጥብቅ ነው፤ ጩኸቱን ጨርሶ ያጠፋ ሰው የጊታሩን ክርና የዘፋኙን ጉሮሮም አብሮ አጥፍቷል።

የሚያስገርመው ደግሞ ይህ ነው፤ ክፉኛ የተበላው ሸክላ በጣም የተወደደው ነው። መሐሉ ነጭ እስኪሆን የተበላ ሸክላ ሳይ፣ በአንድ ክፍል ቤት ቅዳሜ ማታ ሰው ተሰብስቦ የጨፈረበት መሆኑን ቦዩ ይነግረኛል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ትውልድ። ሞዝስ አሽ በ1948 ኒው ዮርክ ውስጥ ፎክዌይስ የተባለውን አሳታሚ አቋቋመ። በ1952 ሃሪ ስሚዝ የሚባል ሰብሳቢ ከራሱ ሸክላዎች መርጦ 84 የጥንት ቀረጻዎችን በስድስት ኤልፒ (ብዙ ዘፈን በሚይዝ ትልቅ ሸክላ) አሰናዳለት፤ አብዛኞቹ ከ1927 እስከ 1932 የወጡ ነበሩ። ብሉዙን ከነጮቹ የተራራ ዘፈን ጋር ሲደባልቅ የዘፋኞቹን ዘር አልጻፈም፤ ብዙ አድማጭ ጥቁሩን ከነጭ መለየት አቅቶት እንደነበር ይነገራል። ግልጹን እናውራ ከተባለ፣ ስብስቡ የወጣው የቀረጻዎቹ ባለቤት የሆኑ ኩባንያዎች ሳይፈቅዱ ነው። ኩባንያዎቹ ግን ሥራዎቹን ከገበያ ካወጡ ሃያ ዓመት ሆኗቸው ነበር። የአሽ ትልቁ ሥራ በእኔ ግምት ሌላ ነው፦ ያወጣውን ነገር ከዝርዝር አላወጣም። በዓመት አምስት ቅጂ ቢሸጥም ያዘዘ ሰው ያገኘዋል። ጥቂት ቃላት ብቻ የሚጀምሩበት ፊደል ነው ተብሎ ከመዝገበ ቃላት ፊደል አይፋቅም ይል ነበር። አሽ በ1986 ካረፈ በኋላ የአሜሪካ ብሔራዊ ሙዚየሞች ተቋም የሆነው ስሚዝሶኒያን ከ2,000 በላይ የሆኑትን አልበሞች ሲረከብ ሁሉም ለገዢ ክፍት ሆነው እንዲቆዩ ተስማምቶ ነው። በነገራችን ላይ ሃሮልድ ኩርላንደር ከአገራችን የቀረጸው የባህል ሙዚቃም በ1951 የወጣው በዚሁ በፎክዌይስ ነው፤ ዛሬም ይገኛል።

የትልልቆቹና የትንንሾቹ ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ትልቅ ኩባንያ መጋዘን ነበረው፤ በመጋዘኑ ያለው ግን በአሥር ሺህ ካልተሸጠ አይወጣም። ትንሹ አምስት መቶ ገዢ ካገኘ ይበቃዋል። በ1960 የተነሳው ኦሪጅን ጃዝ ላይብረሪ የመጀመሪያ ኤልፒው ሙሉ በሙሉ የቻርሊ ፓተን ነበር፤ ያኔ ፓተንን የሚያውቅ ሰው በጣት ይቆጠራል። በዚያው አሥርት መጨረሻ ኒክ ፐርልስ «ያዙ» የተባለውን ድርጅት አቋቁሞ ከሰብሳቢዎች ንጹሕ ቅጂ እየተዋሰ፣ በጥንቃቄ እየገለበጠ ማውጣት ቀጠለ። ለትልልቆቹም ፍትሕ እንስጥ፦ የሚሲሲፒውን ብሉዝ ዘፋኝ የሮበርት ጆንሰንን ሥራ በ1961 በኤልፒ ያወጣው ኮሎምቢያ ነው፤ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም በ1941 እና በ42 ሰን ሃውስን በመስክ ቀርጾ አስቀምጧል። ሆኖም ያ የተቀመጠ ነገር ከሰው ጆሮ የደረሰው ቆይቶ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሆነው ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ የሚደንቀው ነው። አሮጌዎቹ ሸክላዎች የዘፋኞቹ አድራሻ ሆኑ። ሚሲሲፒ ጆን ኸርት በ1928 ለኦኬ ሲቀረጽ በአንዱ ዘፈን አቫሎን የትውልድ መንደሬ ናት ብሎ ነበር። መንደሯ በአዲስ ካርታ ላይ አልተገኘችም፤ በአሮጌ አትላስ ተፈለገችና ቶም ሆስኪንስ የተባለ ወጣት በ1963 እዚያ ሲደርስ ኸርት እዚያው እርሻ ላይ እየሠራ አገኘው። ከዚያ ፒድሞንት የሚባል ትንሽ አሳታሚ ቀረጸው። በዚያው ዓመት ጆን ፌሂና ጓደኛው ኤድ ዴንሰን፣ ቡካ ዋይት ስለ አበርዲን ሚሲሲፒ የዘፈነውን ይዘው «ለቡካ ዋይት፣ የድሮ ብሉዝ ዘፋኝ፣ አበርዲን ሚሲሲፒ» የሚል ደብዳቤ ፖስታ ቤት አስገቡ። ደብዳቤው ሜምፊስ ድረስ ተልኮ ደረሰው። ታኮማ የተባለው የፌሂ ድርጅትም አዲስ ኤልፒ አወጣለት። በጁን 1964 ስኪፕ ጄምስ ሚሲሲፒ፣ ቱኒካ ሆስፒታል ተኝቶ ተገኘ፤ በዚያው ወር ሰን ሃውስ ኒው ዮርክ ግዛት ሮቸስተር ውስጥ ተገኘ። ሰን ሃውስ ጊታር ከነካ ዓመታት አልፈውት ነበር። አል ዊልሰን የተባለ ወጣት አጠገቡ ተቀምጦ፣ ሽማግሌው በ1930 የተጫወተውን መልሶ አስተማረው።

በዚያው በጁን 1964 ሚሲሲፒ ውስጥ ጥቁሮች በመራጭነት እንዲመዘገቡ የሚሠሩ ሦስት ወጣቶች ተገድለዋል። ሰብሳቢዎቹ ይዞሩበት የነበረው አገር ያ ነው፤ ዘፋኞቹም የሚኖሩበት። ስለ ብሉዝ መገኘት ሲወራ ይህ መረሳቱን አልወደውም።

ገንዘቡስ? በመጀመሪያው ዘመን ዘፋኙ በእያንዳንዱ የሸክላ ገጽ ቁርጥ ክፍያ ይሰጠዋል፤ የዜማው መብት በአብዛኛው አሳታሚው ኪስ ይገባል። ትንሽ መሆን ደግ አያደርግም፤ ፓራማውንት ከትልልቆቹ የተሻለ አልከፈለም። በሁለተኛው ዘመንም ሁሉም ንጹሕ አልነበረም፤ የሞተ ዘፋኝ ሥራ ሲታተም ቤተሰቡን የፈለገ አሳታሚ ጥቂት ነው። ለዚህ ነው አርሁሊ የተባለውን የክሪስ ስትራክዊትዝን አሳታሚ ለይቼ የማነሳው። ስትራክዊትዝ ከጀርመን የመጣ ስደተኛ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነበር። በ1960 ቴክሳስ፣ ናቫሶታ ወርዶ ማንስ ሊፕስኮምብ የተባለውን የ65 ዓመት ጭሰኛ ገበሬ ቤቱ ውስጥ ቀረጸ፤ ሰውዬው በሕይወቱ ተቀርጾ አያውቅም ነበር። የመጀመሪያው ኤልፒ የታተመው 250 ቅጂ ነው። ፍሬድ ማክዳዌልንም በ1960ዎቹ አጋማሽ ቀረጸ። ሮሊንግ ስቶንስ በ1971 ማክዳዌል ይዘፍነው የነበረውን «ዩ ጋታ ሙቭ» ሲያወጡ፣ ስትራክዊትዝ ጠበቃ አቁሞ ተከራክሮ ሮያሊቲውን (የባለመብትነት ክፍያውን) አስከፈለ፤ ማክዳዌል በ1972 ከማረፉ በፊት በሕይወቱ አይቶት የማያውቀውን ቼክ ተቀበለ። ስትራክዊትዝ በ2023 አርፏል፤ አርሁሊም ከ2016 ጀምሮ ከፎክዌይስ ጋር በስሚዝሶኒያን እጅ ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጡትን በአጭሩ ልንካቸው። ኦስትሪያዊው ጆኒ ፓርት በ1980ዎቹ ዶኪዩመንት የተባለውን አሳታሚ አቋቁሞ የእያንዳንዱን ዘፋኝ የተገኘ ቀረጻ ሁሉ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል በመቶዎች በሚቆጠሩ ዲስኮች አወጣ። ድምፁ ብዙ ጊዜ አልተደከመበትም፤ ለተመራማሪ ግን ወደር የለውም፤ እኔም ሳላገላብጠው የምውልበት ሳምንት የለም። ፖርትላንድ ውስጥ የተመሠረተው ሚሲሲፒ ሪከርድስም ጥንታዊ ብሉዝና መንፈሳዊ መዝሙር በኤልፒ ሲያወጣ ኖሯል። የእኛዋን እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ለብዙ የውጭ አድማጭ በኤልፒ ያደረሰው እሱ ነው፤ ፒያኖዋን የሰማ የብሉዝ ሰው ዘመድ ያገኘ ያህል ሲደነቅ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ከየት ልጀምር ላሉት፦ ቻርሊ ፓተንን መጀመሪያ አይስሙ፤ ድምፁ ከጩኸቱ ጋር ተደምሮ ለአዲስ ጆሮ ይከብዳል። በ1963 ከተገኘ በኋላ በተቀረጸው በጆን ኸርት ይጀምሩ፤ ጣቱ ለስላሳ፣ ቃሉ የሚሰማ ነው። ቀጥለው የ1928ቱን የኦኬ ቀረጻውን ይስሙና ሁለቱን ያስተያዩ። ከዚያ ማንስ ሊፕስኮምብን፣ ከእሱ በኋላ ስኪፕ ጄምስን በ1931፣ በመጨረሻ ፓተንን «ያዙ» ባወጣው ቅጂ። ሁሉም ዛሬ በኢንተርኔት ይገኛሉ፤ ሲገዙ ግን ከአሳታሚው ቢገዙ ለቀጣዩ ሥራ ይረዳል። በአሜሪካ ሕግ እስከ 1922 የወጡ የድምፅ ቅጂዎች ከ2022 ጀምሮ የሕዝብ ሀብት ሆነዋል፤ «ክሬዚ ብሉዝ»ም ከእነሱ አንዱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያሉትም በየዓመቱ እየተጨመሩ ነው። አሮጌ የሼላክ ሸክላ እጅዎ ከገባ ደግሞ በአልኮል እንዳይጠርጉት፤ አልኮል ሼላክን ያሟሟል። በንጹሕ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ፣ መሐሉ ላይ ያለውን ወረቀት ሳያርሱ ቦዩን ተከትለው ይጥረጉት፤ አቁመው ያስቀምጡት፤ ለመስማትም ቀላል ክንድ ባለው ማጫወቻ፣ ለ78 በተሠራ መርፌ ብቻ ያጫውቱት።